ፊልሜን ለዩቲዩብ ቻናል ጠቅልዬ ልሽጥ ወይስ ራሴ በኦንላይን ላውጣው?

የደብረ ብርሃኗ

ሰላም እንዴት ናችሁ። ልምድ ያለው ሰው ምክር ፈልጌ ነው።

የመጀመሪያ ፊልሜን ጨርሻለሁ። ርዝመቱ 94 ደቂቃ ነው። የቀረጽነው ደብረ ብርሃን ነው። ታሪኩ ወፍጮ ቤት ስለምትሠራ እናትና ዩኒቨርሲቲ አቋርጣ ስለተመለሰች ልጇ ነው። ኮሜዲ አይደለም። ስሙ የገነነ ተዋናይም የለበትም። ገንዘቡ የተገኘው ከእቁብ፣ ከወንድሜ፣ እንዲሁም ካሜራና መብራቱን "ሲገኝ ትሰጪኛለሽ" ብሎ ካዋሰኝ ጓደኛዬ ነው።

አዲስ አበባ ሲኒማ ቤት ገብቶ ነበር። የደረሰኝ ሰዓት የሥራ ቀን ከሰዓት በኋላ ነው። በዚያ ሰዓት ማን ይመጣል? የሲኒማ ቤቱ ድርሻ፣ ግብሩ፣ የፖስተሩና የማስታወቂያው ወጪ ተቀናንሶ እጄ ላይ የቀረው ዕዳዬን ንክች አላደረገውም። የመጡት ሰዎች ግን እስከ መጨረሻው ቁጭ ብለው አዩት። አንዲት እናት ስትወጣ እጄን ይዛ "ያ ዱቄት የጠገበ ነጠላ የእናቴ ነው" አለችኝ። ፊልሙ ሃርድ ዲስክ ውስጥ ተቀብሮ እንዲቀር አልፈልግም።

አሁን ብዙ ተከታይ ያለው አንድ የዩቲዩብ ቻናል ሊገዛኝ ነው። አንድ ጊዜ ከፍለውኝ በዚያው ያበቃል። ገንዘቡ የዕዳዬን ግማሽ ይሸፍናል። ውሉ ሁለት ገጽ ነው። "አሁን ባለውና ወደፊት በሚፈጠር ማንኛውም የማሠራጫ ዘዴ፣ በመላው ዓለም፣ ያለ ጊዜ ገደብ" ይላል። ማስተሩን፣ ማለትም ያለቀውን ዋና ቅጂ፣ ከነጥሬ ቀረጻው አስረክቢ ይላል። እስከ ሰኞ ካልፈረምሽ ሌላ ፊልም እንገዛለን ብለውኛል።

ልፈርም? ወይስ በክፍያ የሚታይበት ቦታ ራሴ ላውጣው? ብዙ ሰው "ራስሽ ካወጣሽው በማግስቱ ቴሌግራም ላይ ታገኚዋለሽ" እያለ ያስፈራራኛል። የእንግሊዝኛ ሰብታይትል አለው። ማጀቢያው ላይ አንድ ዘፈን አለ፤ ከባለቤቱ ጋር የተስማማነው በቃል ነው። የሞከራችሁት ንገሩኝ።

አራት ኪሎ ኤዲተር

ሽጪው። ግማሽ ዕዳ መክፈል ቀላል ነገር አይደለም። ስም የሌለው ተዋናይ ያለበትን ፊልም ከፍሎ የሚያይ ሰው ትንሽ ነው። ትልቅ ቻናል ላይ ከወጣ ስምሽ ይታወቃል፤ ለሁለተኛው ፊልም ስፖንሰር ታገኚበታለሽ። ራሳቸው እናሠራጭ ብለው የተነሱ ልጆች አውቃለሁ። ግማሹን ጊዜያቸውን ሊንክ አልከፈትልኝም ለሚል ሰው መልስ ሲሰጡ ነው ያሳለፉት። ፊልም መሥራት ያቆሙ አሉ። ጥሬ ቀረጻውን ግን አትስጪ።

ማስተር ኮፒ

እህቴ፣ ሰኞ አትፈርሚ። ጥድፊያው የእነሱ ነው፣ ያንቺ አይደለም። ፊልምሽ የሚበላሽ ነገር አይደለም። ማክሰኞም ያው ፊልም ነው።

ከቪሲዲ ዘመን ጀምሮ ፕሮዲውሰር ነኝ። ያኔም የምንፈርመው ወረቀት እንዲህ ነበር። አከፋፋዩ አንድ ጊዜ ይከፍላል፣ "ሙሉ መብት" የሚል መስመር ይገባል፣ እኛም ዕዳ ላይ ስለሆንን አንብበን ሳንጨርስ እንፈርማለን። ዩቲዩብ ሲመጣ እነዚያ የቆዩ ፊልሞች አንድ በአንድ ወጡ። ሚሊዮን ጊዜ የታዩ አሉ። የማውቀው ዳይሬክተር የራሱን ፊልም ልጆቹን ጠርቶ ስልክ ላይ ሲያሳያቸው በየመሃሉ ማስታወቂያ ይገባል። ከዚያ ማስታወቂያ አምስት ሳንቲም አይደርሰውም። መክሰስም አልቻለም፤ ወረቀቱ ላይ ፊርማው አለ። ይህን ሳስብ አሁንም ይቆጨኛል።

ስለዚህ መጀመሪያ ይህን ለዪ። ፊልም ስትሸጪ የምትሸጪው ፈቃድ ነው። ፈቃድ ደግሞ ይከፋፈላል። የትኛው ማሠራጫ? የትኛው አገር? እስከ መቼ? እነሱ ብቻቸውን ነው ወይስ ለሌላም መስጠት ትችያለሽ? ለዩቲዩብ ብቻ፣ ለሁለት ዓመት ብትሰጪያቸው ቴሌቪዥኑ፣ አውሮፕላን ውስጥ የሚታየው፣ በክፍያ የሚታየው፣ የፌስቲቫሉ፣ የትምህርት ቤቱ ሁሉ እጅሽ ላይ ይቀራል። እነሱ የሰጡሽ ዋጋ የዩቲዩብ ዋጋ ነው። ሌላውን በነፃ ነው የጠየቁሽ።

አሁን ወደ ዩቲዩብ ሒሳብ እንምጣ፤ ሰው ሳያሰላ ነው የሚገባበት። ከፊልሙ ጋር ከሚታየው ማስታወቂያ 55 በመቶው ለቻናሉ ባለቤት ነው። ያንን ለማግኘት ግን ቻናሉ 1,000 ሰብስክራይበርና ባለፉት 12 ወራት ውስጥ የታየ 4,000 ሰዓት ሊኖረው ይገባል። 4,000 ሰዓት 240,000 ደቂቃ ነው። ያንቺን ፊልም ከ2,500 በላይ ሰው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ቢያየው ይሞላል። ግን ሰው ሁሉ አይጨርስም። በአማካይ 30 ደቂቃ ቢያዩ 8,000 ሰው ያስፈልግሻል። እስከዚያ ድረስ ከማስታወቂያ የምታገኚው ነገር የለም። ብዙዎች የሚከስሩት እዚህ ላይ ነው። አዲስ ቻናል ከፍተው በዕለቱ ሙሉ ፊልሙን ይጭናሉ። ፊልሙ የሚታየው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ነው፤ ያ ሁሉ ዕይታ ያለ ገቢ ያልፋል። ቻናሉን ዛሬ ክፈቺው፣ ፊልሙን ግን አትጫኚ። ወፍጮ ቤቱን እንዴት እንደቀረጻችሁ አሳዪ፤ ተዋናይቷ ስለ ገጸ ባሕርይዋ ታውራ፤ ሁለት ሦስት ደቂቃ ትዕይንት አውጪ። ሰብስክራይበሩ አስቀድሞ ይሰብሰብ።

ሌላው፣ የማስታወቂያው ዋጋ ተመልካቹ ባለበት አገር ይወሰናል። ሚኒሶታ የተቀመጠች ሐበሻና ደብረ ብርሃን ያለች እህቷ እኩል ደቂቃ ቢያዩም የሚያመጡት ገንዘብ በጣም ይለያያል። "አንድ ሚሊዮን ዕይታ ስንት ነው?" ለሚለው ጥያቄ አንድ መልስ የሌለው ለዚህ ነው።

እኔ ብሆን ቅደም ተከተሉን እንዲህ አደርገው ነበር። መጀመሪያ በክፍያ። ውጭ ላለው ሰው በኪራይ ወይም በግዢ የሚያስከፍል ቦታ ላይ አወጣዋለሁ። ቪሜዮ ኦን ዲማንድ እ.ኤ.አ. በ2013 ሲጀምር 90 በመቶውን ለፊልሙ ባለቤት ትቶ ነው የገባው። እንደ ሶደሬና ሐበሻቪው ያሉ የአገር ልጆችን የሚያውቁ መድረኮችም አሉ፤ ጠይቂያቸው፣ የሚሰጡሽን ውል ደግሞ በዚሁ ዓይን አንብቢ። አገር ውስጥ ላለው በቴሌብር ወይም በቻፓ ይከፈል። ከፍሎ ስልኩን ለላከ ሰው የራሱ ሊንክ ይላክለት። አዎ፣ ሥራ አለው። ኤዲተሩ ወንድሜ ያለው ልክ ነው፣ ሊንክ አልከፈት የሚለው ሰው ብዙ ነው። ለዚያ ለአንድ ወር ስልክ የሚመልስ አንድ ሰው ቅጠሪ። ግን በዚያ ወር ውስጥ የምትሰበስቢው የስልክ ቁጥርና ኢሜይል ከገንዘቡ ይበልጣል። ለሁለተኛው ፊልምሽ ሲኒማ ቤት ባዶ ሰዓት ቢሰጥሽ እንኳ ለማን እንደምትደውዪ ታውቂያለሽ።

ስለ ቴሌግራም አልዋሽሽም። ይወጣል። ማዘግየት ግን ይቻላል። በየሰዉ ሊንክ ላይ የስልኩ የመጨረሻ አራት ቁጥሮች ምስሉ ጥግ ላይ በስሱ ይጻፉ። የራሱ ቁጥር የተጻፈበትን ፊልም ቻናል ላይ የሚለቅ ሰው ጥቂት ነው። ከወጣም ቶሎ ሪፖርት የሚያደርግ ሰው መድቢ። ዋናው ገቢ የሚገባው በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ሳምንታት ስለሆነ እሱን ጊዜ ማትረፍ በቂ ነው።

ከዚያ በኋላ ነው ዩቲዩብ። ያኔ ለእነዚህ ሰዎች ለተወሰነ ጊዜ ልትሰጪያቸው ትችያለሽ፣ ወይም በራስሽ ቻናል ታወጪዋለሽ። ቻናሉ ውጭ ባለ ዘመድ ስም የሚከፈት ከሆነ፣ ዘመድም ቢሆን ወረቀት ይኑራችሁ።

"በትልልቅ መድረኮች ላይ እናስገባልሻለን፣ አስቀድመሽ ክፈይ" የሚልሽን ደግሞ ተጠንቀቂ። ዲስትሪበር የሚባል የአሜሪካ ድርጅት ነበር። ፊልም ሠሪዎች አስቀድመው እየከፈሉ በየመድረኩ ያስገባላቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2019 ፈረሰ፣ የብዙዎቹ ገንዘብም የውሃ ሽታ ሆኖ ቀረ። ፊልምሀብ ዓይነቶቹ አስቀድመው አይቀበሉም፣ ከገቢው 20 በመቶ ነው የሚወስዱት። ያም ሆኖ በሺህ ከሚቆጠሩ ፊልሞች መሃል ያንቺን ማን ይፈልገዋል? ሰው ራስሽ ካላመጣሽ እዚያ ቁጭ ይላል።

ናይጄሪያዎቹን ተመልከቺ። አማዞን ፕራይም እ.ኤ.አ. በጥር 2024 ከአፍሪካ ሥራዎቹ እጁን ሰብሰብ ሲያደርግ ለእሱ ብለው ያዘጋጁ ሁሉ ሜዳ ላይ ቀሩ። የራሳቸውን የዩቲዩብ ቻናል ቀድመው የገነቡ ተዋናዮችና ፕሮዲውሰሮች ግን ሥራቸውን ቀጠሉ። ተመልካቹ የእነሱ ነበራ።

ዘፈኑን ዛሬ ጨርሺ፤ ይህን ለነገ አትበይ። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የቅጂ መብት የሚተላለፈው በጽሑፍ ነው። የቃል ስምምነት ጓደኛሞች እስከሆናችሁ ድረስ ነው የሚሠራው። ዘፈኑ በአንድ የሙዚቃ ድርጅት በኩል ኮንተንት አይዲ በሚባለው የዩቲዩብ የባለመብት መለያ ሥርዓት ውስጥ ከገባ፣ ዩቲዩብ በራሱ ጊዜ ያገኘዋል። አንድ ደቂቃ ያልሞላ ዘፈን የ94 ደቂቃ ፊልምሽን የማስታወቂያ ገቢ ወደ ሌላ ሰው ሊያዞረው ይችላል። ባለቤቱ ጋ ሄደሽ ሻይ ጋብዢውና አንድ ገጽ አስፈርሚው።

ሰሚራ ከዱባይ

እኔ ፊልም ሠሪ አይደለሁም። ተመልካች ነኝ። ሰው ቤት ነው የምሠራው።

እኛ ባንክ ካርድ የለንም። ደመወዛችን በእጃችን ነው የሚሰጠን፣ ወደ አገር ቤት እንልከዋለን። በካርድ ክፈሉ የሚል ፊልም ሁሉ ለእኛ ዝግ ነው። መክፈል ሳንፈልግ ቀርተን አይደለም። እረፍት ቀን አራት አምስት ሆነን በአንድ ስልክ እናያለን፣ ስልኩን ስኳር ዕቃ ላይ አስደግፈን። አገር ቤት እህቴ በቴሌብር ከፍላ ሊንኩን ለእኔ መላክ የምትችልበት መንገድ ካለ እኛም እናይሻለን። ይህን ለብዙ ሰው መናገር ትችያለሽ፤ "ለእህቶቻችሁ ግዙላቸው" ብለሽ ጻፊ።

ደግሞ አንድ ነገር። ወፍጮ ቤት ነው ብለሻል። የወፍጮ ድምፅ በስልክ ስፒከር ንግግሩን ይውጠዋል። የአማርኛ ፊልም አይተን "ምን አለች? ምን አለች?" እየተባባልን ስንት ጊዜ መልሰናል። ለሲኒማ ቤት ያዘጋጃችሁትን ድምፅ እንዳለ አትልቀቁት። የራስሽን ስልክ ጠረጴዛ ላይ አድርገሽ፣ ሁለት እርምጃ ራቅ ብለሽ ስሚው። እናትየዋ የምትለውን ከሰማሽ እኛም እንሰማለን። የአማርኛ ጽሑፍም ከታች ብታደርጊበት ጥሩ ነው። እዚህ ማታ ድምፅ አጥፍተን ነው የምናየው፣ አሠሪዎቻችን ይነቃሉ።

የሲልቨር ስፕሪንጉ

ልጄ፣ እንኳን ደስ ያለሽ። 94 ደቂቃ ጨርሶ እዚህ መድረስ ትልቅ ነገር ነው።

እኔ ዋሽንግተን አካባቢ ከ30 ዓመት በላይ ኖሬያለሁ። ዳይሬክተሩ ኃይሌ ገሪማ "ሳንኮፋ" የሚለውን ፊልሙን እ.ኤ.አ. በ1993 ሲያወጣ አሜሪካ ውስጥ የሚያከፋፍልለት አልተገኘም። እሱና ባልደረቦቹ ፊልሙን ይዘው ሲኒማ ቤት ተከራዩ። የሰፈሩን ሰው፣ ቤተ ክርስቲያኑን፣ ማኅበሩን እያነጋገሩ አዳራሽ ሞሉ፤ ከዚያ ወደ ሌላ ከተማ አለፉ። በኋላም ጆርጂያ አቬኑ ላይ፣ ከሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊት ለፊት፣ በፊልሙ ስም የመጻሕፍትና የቪዲዮ መደብር ከፈቱ። ቡናም ይጠጣበታል። ፊልሙን እዚያው ትገዢዋለሽ።

አሁን ልብ በይ። እ.ኤ.አ. በ2021፣ ከ28 ዓመት በኋላ፣ ያው ፊልም ታድሶ በአሬይ በኩል ኔትፍሊክስ ላይ ወጣ። አሬይ የአሜሪካዊቷ ዳይሬክተር የኤቫ ዱቨርኔ የፊልም ማከፋፈያ ድርጅት ነው። ባለቤቱ መብቱን ይዞ ስለቆየ ነው ይህ የሆነው። እ.ኤ.አ. በ1993 ኔትፍሊክስ የሚባል ነገር አልነበረም። ውልሽ ላይ "ወደፊት በሚፈጠር ማንኛውም ዘዴ" የሚለው መስመር የሚወስድብሽ ይህንን ነው።

ለአንቺ የምለው፣ ኦንላይኑን ከአዳራሹ አትለዪው። እዚህ ሲልቨር ስፕሪንግ ኤኤፍአይ ሲልቨር ቲያትር በየዓመቱ የአዲስ አፍሪካ ፊልሞች ፌስቲቫል ያካሂዳል። በጁላይ መጀመሪያ አካባቢ ደግሞ በሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን የስፖርት ፌዴሬሽን ውድድር አለ፤ ከየስቴቱ ሰው የሚገናኝበት ነው። አንድ ምሽት በአዳራሽ ይታይ፣ በዚያው ሳምንት ለሌላው ከተማ በሊንክ ይከፈት። አዳራሽ የገባው ሰው ለሲያትልና ለዳላስ ዘመዱ ይደውላል። እኛ ፊልም የምናየው ተደዋውለን ነው። ሬስቶራንቶቹም ሊንኩ ያለበትን ወረቀት ጠረጴዛ ላይ ለማስቀመጥ እምቢ አይሉም። ሲደርስ እዚህ ጻፊ፣ እኔም አከፋፍላለሁ።

የደብረ ብርሃኗ

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ያክብርልኝ። እርስዎ ያሉትን ለወንድሜ አነበብኩለት። ሰሚራ፣ ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አድርጌ ሰማሁት። ልክ ነሽ። እናትየዋ ለልጇ ይቅርታ የምትልበት ቦታ ጭራሽ አይሰማም። ፊልሙ ያለው እዚያች ቦታ ላይ ነው። ድምፁን የሠራው ልጅ ለስልክ የሚሆን ሌላ ቅጂ ሊያወጣልኝ ተስማምቷል።

ዛሬ ቻናሉን አናገርኳቸው። ለሁለት ዓመት፣ ዩቲዩብ ብቻ፣ ያለ ጥሬ ቀረጻ አልኳቸው። መጀመሪያ ተቆጡ። ከዚያ ዋጋውን ቀንሰው እሺ አሉ፤ ግን አሁኑኑ መልቀቅ ይፈልጋሉ። እኔ ደግሞ ፌስቲቫል ልልከው አስቤ ነበር። ማስተር ኮፒ፣ ምን ትያለሽ? ውሉስ ላይ ምን ብዬ ልጻፍ?

ማስተር ኮፒ

እሺ ማለታቸው ደስ ይላል። ያ "ሌላ ፊልም እንገዛለን" የሚለው ማስፈራሪያ እንደነበር አየሽ።

ፌስቲቫል ካሰብሽ አሁን አይልቀቁት። ብዙ ፌስቲቫሎች በይፋ ኦንላይን የወጣ ፊልም አይቀበሉም። በይለፍ ቃል የተዘጋ ሊንክ ለመራጮቹ መላክ ችግር የለውም፤ ሁሉም የሚያደርገው ነው። በክፍያ የሚታየውም ለአንዳንዶቹ እንደ ወጣ ይቆጠራል፣ የእያንዳንዱን ደንብ አንብቢ። ፌስቲቫል፣ ከዚያ የጋሼ አዳራሽና የሚከፈልበት ሊንክ፣ ከዚያ ዩቲዩብ። እነሱ መጠበቅ ካልቻሉ ይቅርባቸው። ዕዳው እንደሚያስጨንቅሽ አውቃለሁ፣ ለጓደኛሽና ለወንድምሽ ዕቅዱን በቀን አስቀምጠሽ አሳዪያቸው። መቼ እንደሚከፈለው የሚያውቅ ሰው ይታገሣል።

ውሉ ላይ ይህን አስገቢና ጠበቃ ይይልሽ፦ "ፈቃዱ ፊልሙን በተጠቀሰው አንድ የዩቲዩብ ቻናል ላይ ብቻ ለማሳየት ነው። ጊዜው ፊልሙ ከተለቀቀበት ቀን ጀምሮ 24 ወር ነው። የሚለቀቅበት ቀን ከዚህ ቀን በፊት ሊሆን አይችልም። ጊዜው ሲያበቃ ቻናሉ በ14 ቀን ውስጥ ያነሳዋል። በዚህ ውል በግልጽ ያልተሰጠ መብት ሁሉ የፊልሙ ባለቤት ነው።" ቀኑን ራስሽ ሙዪው። ሌላም ጨምሪበት፦ ቻናሉ ፊልሙን ኮንተንት አይዲ ውስጥ በራሱ ስም አያስመዘግብም። ይህ ካልተጻፈ ነገ የራስሽን ትሬለር በራስሽ ቻናል ስትለቂ ክሌም፣ ማለትም "ይህ የእኔ ነው" የሚል የመብት ጥያቄ፣ ይመጣብሻል፤ ተከራክረሽ እስክታስነሺው ድረስ ገቢሽ ተይዞ ይቆያል።

ሃርድ ዲስክ አትስጫቸው። ዩቲዩብ ላይ ለመጫን የሚበቃ አንድ ፋይል በሊንክ ላኪላቸው፤ ሰብታይትሉ ለብቻው ይሁን። ማስተሩ፣ የተለያየው የድምፅ ትራክና ጥሬ ቀረጻው ከአንቺ እጅ አይውጣ። ሁለት ቅጂ አድርጊውና አንዱን ከቤትሽ ውጭ አስቀምጪው፣ ለምሳሌ ወንድምሽ ጋ።